ሰማንያ አምስት በመቶ

«እዚህ አገር መንገድ የሚሠራው ማነው፣ ማረሻ ነው?» አለ ሻምበል ባሻ ብሮደርሰን። ቀይ ኦፔል መኪናው በድንጋይ ንጣፉ ላይ ስታነጥረን ጭንቅላቱ ከጣራው ጋር ተጋጭቶ ነበር።

ከኋላ የተቀመጠው አስር አለቃ ማይክ ሹልት ትንፍሽ አላለም። እኔም ዝም ልል አስቤ ነበር፤ ግን ከምዕራብ የመጣ ሰው መንገዳችንን ሲያንጓጥጥ መስማት ከበደኝ።

«ሆን ተብሎ ነው የተሠራው» አልኩት። «የእናንተ ታንክ እንዲዘገይበት።»

ብሮደርሰን ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ማይክ አልሳቀም፤ ሰዓቱን ያያል። ሰባት ሰዓት ተኩል አልፏል። በዘጠኝ ሰዓት ቫርንኮ ከተማ፣ መዘጋጃ ቤት ቀርቦ ጋብቻውን መፈረም አለበት። ከፊታችን ገና መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ይቀረናል። ካልደረሰ ሙሽራዋ ኮርዱላ በአስር ሰዓት ከአስር ባቡር ተሳፍራ ሉቤክ፣ አክስቷ ዘንድ ትሄዳለች፤ በሆዷ ያለው የሰባት ወር ልጅም አብሯት ይሄዳል። ይህን በደብዳቤ ቁርጥ አድርጋ ጽፋለታለች። እንዳይደርስ ያደረግኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ኤክሃርት ፓገል እባላለሁ። እስከዚያ ሳምንት ማክሰኞ እኩለ ሌሊት ድረስ የምሥራቅ ጀርመን ሕዝባዊ ሠራዊት ባልደረባ ነበርኩ፤ ሃያ አንድ ዓመት አገልግያለሁ። ረቡዕ፣ ኦክቶበር 3 ቀን 1990፣ ሲነጋ አገራችን አልነበረችም። እኛ ግን ነበርን። የምዕራቡን ሠራዊት የደንብ ልብስ አደሉን፤ የኔ እጅጌው እስከ ጣቶቼ ይደርስ ነበር። ከማዕረጌ ወርጄ ሃምሳ አለቃ ሆንኩ። በድሬንቪትዝ የጦር ሰፈራችን ማን እንደሚቆይ፣ ማን እንደሚሰናበት የሚወስነው ዝርዝር ሰኞ ይፈረማል ተባለ። ዕድሜዬ አርባ አንድ፤ ከወታደርነት ሌላ ሙያ የለኝም።

አዲሱ አዛዥ ሻለቃ ኢምሆፍ ከባቫሪያ መጣ። ብሮደርሰን አብሮት መጣ፤ መቶ አስር ኪሎ የሚመዝን፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ከኪሱ ጥቁር መራራ ከረሜላ የማይጠፋ የሰሜን ባሕር ሰው። በቀኝ ትከሻው ላይ ቢጫ ገመድ ያንጠለጥላል። ይህን ሹመት ወታደሩ «ሽፒስ» ይለዋል፤ የሚወረወረው ጦር እንደማለት ነው። «የሻምበሉ እናት»ም ይሉታል፤ አባትየው አዛዡ ነው። እኔም በእኛ ሠራዊት ያንኑ ወንበር ዘጠኝ ዓመት ይዤ ነበር፤ ግን ወንበሩ ብቻ ነው የሚመሳሰለው። የኔ ሥራ አንሶላ መቁጠር፣ ጫማ ማደልና ሰው መቁጠር ነበር። ጥርሱን ያመመው ወታደር ሐኪም ቤት እንዲሄድ እንኳ መኮንን ይፈርማል።

ዓርብ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ብሮደርሰን ስልሳ ሁለቱን ሰዎች አሰለፈና «ዘበኛ ያልሆነ ሁሉ ሻንጣውን ይያዝ» አለ። «ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት እዚሁ። ሚስት ያለው ሚስቱን ይሳም፤ የሌለው ይፈልግ። ፓገል፣ አሰናብታቸው።» ይህን ብሎ እያነከሰ ወደ መሣሪያ ግምጃ ቤቱ ሄደ።

ማንም አልተነቃነቀም። ሁሉም እኔን ያየኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ ሠራዊት ከመቶ ሰው ሰማንያ አምስቱ ሌት ተቀን፣ እሁድም ሆነ በዓል፣ ከግቢው ንቅንቅ አይልም ነበር። ጠላት ቅዳሜ ሊመጣ ይችላላ! ባለፈው ክረምት ደንቡ ላልቷል ተብሎ ነበር፤ በኔ ጭንቅላት ውስጥ ግን አልላላም። አሁን አንድ የበታች ሹም፣ ያለ ወረቀት፣ ያለ ፊርማ፣ ከገዛ አፉ «ሂዱ» ይላል። ወታደሮቹ ፈተና መሰላቸው። እኔም መሰለኝ። ወደየክፍላቸው መለስኳቸው፤ በተነጠፈ አልጋቸው ላይ ሻንጣቸውን በጉልበታቸው መሀል አድርገው ተቀመጡ።

ማይክ ግን እየሮጠ በሩ ላይ ደረሰብኝ። የድሮው አዛዥ ከመሰናበቱ በፊት የፈረመለትን የፈቃድ ወረቀት ይዟል።

«ጓድ... ይቅርታ፣ ሃምሳ አለቃ፣ ባቡሩ በስድስት ተኩል ነው።»

«ይህ ማኅተም የማን ነው?» አልኩት።

«የክፍለ ጦሩ።»

«የትኛው ክፍለ ጦር? ማክሰኞ የሞተው? የሞተ ማኅተም ሰው አያስወጣም።»

«ሽፒሱ ራሱ ሂዱ ብሏል እኮ!»

«ሽፒሱ የበታች ሹም ነው። የበታች ሹም ሰው አይለቅም። ሻለቃውን አስፈርመህ አምጣ።»

ሻለቃው ስብሰባ ሄዷል፤ እስከ ማታ አይመለስም። ይህንንም አውቅ ነበር። «ዛሬ ሠርጌ ነው፣ እርስዎ እኮ ያውቃሉ» አለኝ። አውቃለሁ። አምናም በኦክቶበር ሊያገባ ሲል እዚያው በር ላይ መልሼዋለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ በዚያን ቀን ሁለቱንም ነበርኩ።

ሰባት ሰዓት ላይ ብሮደርሰን ከግምጃ ቤቱ ሲመለስ ሰዎቹን እንደተቀመጡ አገኛቸው።

«ምንድነው የምትጠብቁት?»

«ፈተናው እስኪያልቅ ነው፣ ጌታዬ» አለ አንዱ።

ብሮደርሰን አልጮኸም። ዞሮ እኔን አየኝ፤ ቀስ ብሎም ከረሜላውን ዋጠ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ግቢው ባዶ ሆነ። ማይክ ብቻ ቀረ። በዚያው በፈቃድ ወረቀቱ ጀርባ ላይ በእኔ ላይ የጻፈውን አቤቱታ ዘረጋለት።

«ይህን ዛሬ አልቀበልህም» አለው ብሮደርሰን። «ሌሊት ይለፍበት። ደንብ ነው። ሠርጉ ያለው የት ነው?»

«ቫርንኮ። አልቋል እኮ በቃ፣ ባቡሩ ሄዷል።»

ስልክ ሞከርን፤ መስመሩ በዚያው ሳምንት ግማሹ ተነቅሎ ግማሹ አልተተከለም፤ ጭጭ አለ። ብሮደርሰን የመኪናውን ቁልፍ አወጣ። እሱም ቤቱ ሊሄድ ሻንጣው ተጭኗል።

«ግቡ። ሁለታችሁም።»

«እኔ ለምን?» አልኩ።

«የያዝከው አንተ ነሃ!»

መኪናው ውስጥ የገባሁት በዚህ ሁኔታ ነው።

ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ ብሮደርሰን ዝምታው የሰለቸው ይመስል «በሆድህ የያዝከውን ተናገር እንጂ፣ ፓገል» አለኝ።

«ሌሊት ይለፍ የሚለው ነገር አልገባኝም» አልኩት። «በእኛ ዘንድ አቤቱታ እስከ ርዕሰ መንግሥቱ ድረስ መጻፍ ይቻል ነበር።»

«ይቻል ነበር» አለ ማይክ ከኋላ። «ጸሐፊው ነው ከዚያ በኋላ የማይችለው።» ከተነሣን ጀምሮ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው።

ብሮደርሰን ሳቁን ዋጠ። «በንዴት የተጻፈ ወረቀት ሁለት ሰው ያጠፋል። ስለዚህ ያድራል። አዛዡም ቢሆን ሌሊት ሳያልፍ ሰው አይቀጣም። አድሮ ሲነጋ አሁንም የምትፈልገው ከሆነ ግን፣ ማይክ፣ እኔው ተቀብዬ ለሻለቃው አቀርብልሃለሁ። ከዚያ ማንም አይቀድደውም።»

«አይበርድልኝም» አለ ማይክ።

«አይብረድልህ። መብትህ ነው።»

እንዲህ ሲነጋገሩ እኔ እንደ ዕቃ በመካከላቸው ነበርኩ። ዝርዝሩ ሰኞ ነው፤ ከአቤቱታ ጋር የተያያዘ ስም ማን ያስቀራል? ሃያ አንድ ዓመቴ በዚያ ልጅ ደረት ኪስ ውስጥ ታጥፎ እንደሚሄድ አውቅ ነበር። ልለምነው ቃጣኝ፤ መልሼ ተውኩት።

ከአንድ መንደር መውጫ ላይ ለስኳር ፋብሪካ የሚሄድ የስኳር ሥር የጫነ ትራክተር ተጎታቹ ተገልብጦ መንገዱን ዘግቶት አገኘን። ገበሬው ቆሞ ይሳደባል። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሆኗል። ማይክ ወርዶ ሥሩን በሁለት እጁ ወደ ቦዩ መወርወር ጀመረ፤ ነጭ የሠርግ ጃኬቱን እንኳ አላወለቀም። እኔም ወርጄ ከጎኑ ጀመርኩ። ብሮደርሰን ጉልበቱን ይዞ ጎንበስ ሲል «ተዉት፣ እርስዎ ተዉት» አልነው ሁለታችንም በአንድ አፍ። ሃያ ደቂቃ ፈጀብን። ስንጨርስ የማይክ ነጭ እጅጌ እስከ ክርኑ ጭቃ ሆኖ ነበር። ጭቃውን በመዳፉ ሊጠርግ ሞክሮ የባሰ አበላሸው። አሳዘነኝ። እንዲህ ያለ ነገር ለብዙ ዓመት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ቫርንኮ መዘጋጃ ቤት በር ላይ የቆምነው ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። የጋብቻ መዝጋቢዋ ወይዘሮ ቬንዶርፍ ኮቷን ለብሳ በሩን ስትቆልፍ ደረስን።

«ሄዳለች» አለችው ማይክን፣ ቁልፉን ሳትነቅል። «ግማሽ ሰዓት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠብቃለች። አጃቢዎቹም ተራ በተራ ሄዱ። አሁን ጣቢያ ናት።»

ማይክ ሊሮጥ ሲል ክንዱን ያዘችው። «ልጄ፣ ምን ብላ እንደሄደች ልንገርህ። እሱ መጥቶ ‹ከለከሉኝ› ቢል አልሰማውም፤ ይህን አምና ሰምቼዋለሁ ብላለች።»

ልጁ መሀል መንገድ ላይ ቆመ።

«እስከ ስንት ሰዓት ይጠብቁናል?» አላት ብሮደርሰን።

«እስከ አስር ተኩል። ከዚያ በኋላ ጥንቸሎቼን ይርባቸዋል።»

ጣቢያው ሩቅ አይደለም። ብሮደርሰን መኪናውን ከአጥሩ ጋር አቁሞ የማይክን አንገትጌ ያዘና «አንተ ቆይ» አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ሂድ።»

«እኔ ምን ልላት?»

«እኔ የከለከልኳት ነገር የለም። እሱም የከለከላት የለም።»

«እርስዎ ሽፒሱ ነዎት እኮ! እርስዎን ትሰማለች።»

«ፓገል፣ ስማኝ። ይህን ገመድ ስትሰቅል የሚሰጡህ ብዙ ነገር የለም። ከሰው ደጃፍ ቆመህ ‹ጥፋቱ የኔ ነው› የምትልበት ቀን ግን ይበዛል። እኔ ዛሬ ጠዋት አንተን ሳላስረዳ ጥዬህ ሄጃለሁ፤ ያንን ለሱ እኔ እነግረዋለሁ። የቀረው ያንተ ነው። ባቡሩ ሩብ ሰዓት ይቀረዋል።»

በሠራዊት ሕይወቴ ለበላዮቼ ሺህ ጊዜ «ጥፋተኛ ነኝ» ብያለሁ። ከእኔ በታች ላለ ሰው ግን አንድም ጊዜ ብዬ አላውቅም። እግሬ እንዴት ወደዚያ እንደወሰደኝ እግዜር ይወቀው።

ኮርዱላ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ያበጡ እግሮቿን ሲሚንቶው ላይ ዘርግታ። አበባዋ አግዳሚው ላይ ተጥሏል። ፊቷ ስደርስ ሳላስበው ተረከዜን ገጥሜ ቀጥ አልኩ።

«ወይዘሪት ኮርዱላ? ሃምሳ አለቃ ፓገል እባላለሁ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ሰማንያ አምስት በመቶው ፓገል?»

እንደዚያ እንደሚሉኝ አላውቅም ነበር። «አዎ» አልኩ።

«እና ምን ፈለግህ? እዚህም ልትቆጥር መጣህ?»

«ማይክ ውጭ አለ። ዛሬ እንዲሄድ ታዞለት ነበር። ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ሽፒሱ ልቀቃቸው ብሎኝ አላመንኩትም። እሱ በሩ ላይ ለምኖኛል፤ ሠርግ እንዳለበትም አውቅ ነበር። የሱ ጥፋት የለበትም።»

«አምናም እንዲሁ ብሎኛል። ‹ትእዛዝ ነው› አለኝ። እናንተ ዘንድ ሁልጊዜ ትእዛዝ ነው!»

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። አምና አገሩ ሁሉ ሲናወጥ በእውነትም ትእዛዝ ነበረ፤ ማንም አይወቅሰኝም። እሷ ግን ያን ያበጠ እግሯን ይዛ ቀና ብላ እያየችኝ ነው፤ መዋሸት አቃተኝ።

«አምና ትእዛዙ ከመቶ ሰው ሰማንያ አምስቱን ያዝ የሚል ነበር» አልኳት። «እኔ የያዝኩት ሰማንያ ስምንት ነው። ሦስቱ ትርፍ ነበሩ። ቆጣሪ ቢመጣና አንድ ቢጎድልብኝ ብዬ ለጥንቃቄ ነው የያዝኳቸው። ማይክ ከትርፎቹ አንዱ ነበር። ይህን እሱም አያውቅም። ማንም አያውቅም።»

ባቡሩ ከሩቅ መታየት ጀምሯል፤ ጣቢያ ጠባቂው ቆቡን አድርጎ ወጣ።

«አንተ» አለችኝ፣ «አንተ ስንት ዓመትህ ነው?»

«አርባ አንድ።»

«አርባ አንድ ዓመት ሙሉ!» አለችና እንባዋ ወረደ። ባቡሩ ገብቶ ቆመ። በሮቹ ተከፈቱ፤ ሁለት አሮጊቶች ወረዱ። አልተነሣችም። ጠባቂው ፊሽካውን ነፋ፤ ባቡሩ ሄደ። ከዚያ እግሮቿን እየጎተተች ጫማዋን አጠለቀች፣ ተነሣች፣ ሻንጣውንም በእግሯ ወደ እኔ ገፋችው።

«ተሸከም» አለችኝ። «ይከብዳል፣ ደስ ይለኛል።»

በእውነትም ይከብድ ነበር።

ወይዘሮ ቬንዶርፍ ኮቷን ሳታወልቅ አጋባቻቸው። ከረቡዕ ጀምሮ ሁለት ምስክር ግድ ነው ተብሎ አዲስ ደንብ ደርሷታል፤ አጃቢ ስላልቀረ ብሮደርሰንና እኔ ፈረምን። ማይክ እጁን ታጥቦ እጅጌው ግን ጭቃ እንደሆነ ቀለበቱን አጠለቀላት። ደጅ ስንወጣ ብሮደርሰንን አመሰገነው። ወደ እኔ መጣና ትንሽ ቆሞ «ሻንጣዋን ስለያዙልኝ አመሰግናለሁ» አለኝ። «አቤቱታውን ግን ሰኞ አስገባለሁ።»

«አስገባ» አልኩት።

ሰኞ ጠዋት አስገባ። ሦስት ሌሊት አልፎበታል፤ በንጹሕ ወረቀት፣ በቀለም ገልብጦት ነበር። ብሮደርሰን ተቀበለውና ለእኔ ሰጠኝ። «ወደ ሻለቃው ራስህ ይዘኸው ግባ፤ እኔም አብሬህ አለሁ» አለኝ።

ሻለቃ ኢምሆፍ ወጣት ነው፤ ከእኔ በዘጠኝ ዓመት ያንሳል። አነበበውና «እውነት ነው?» አለኝ።

«እውነት ነው፣ ጓድ... ሻለቃ። ግን ይጎድለዋል።»

«ምን ይጎድለዋል?»

የአምናውን ነገርኩት። ሰማንያ ስምንት ሰው፣ ሦስቱ ትርፍ።

ሻለቃው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ይህ የኛ ጉዳይ አይደለም፤ ያ ሠራዊት የለም። እኔ በሌለ ሠራዊት ስለተሠራ ጥፋት ምን ልጽፍ እችላለሁ? ስምህ በሚቆዩት ዝርዝር ውስጥ ይሆናል። ለዓርቡ ጥፋት ተግሣጽህን ነገ ትወስዳለህ። እዚህ ላይ ይብቃ።»

ይህ ለሃያ አንድ ዓመት ስፈልገው የኖርኩት ቃል ነው። ሰላምታ ሰጥቼ መውጣት ነበረብኝ። እግሬ ግን አልወጣም አለ።

«ጌታዬ፣ ማይክ ሹልት አምናም ማይክ ሹልት ነበር» አልኩ። «ሌሎቹም እንደዚሁ። እንዲጻፍ ነው የምፈልገው።»

ሻለቃው ወደ ብሮደርሰን አየ። ብሮደርሰን ጀርባውን ሰጥቶ በመስኮቱ ወደ ሰልፍ ሜዳው ያያል። ሻለቃው ትከሻውን ሰበቀና ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው። ቆሜ ከማይክ ፊርማ ሥር ጻፍኩ። አንደኛ፣ ማይክ ሹልት፣ ሠርጉ። ሁለተኛ፣ ሬኔ ኮፕ፣ ልጁ ተወልዶ ሊያይ። ሦስተኛው ላይ እጄ ቆመ።

«ሦስተኛውስ?» አለ ሻለቃው።

«ሎታር ግራፕ። እናቱን ሊቀብር ነበር።»

ሎታር ያኔ አላለቀሰም፤ «እሺ፣ ጓድ» ብሎኝ ወደ አልጋው ተመልሷል፤ በጸደይም አገልግሎቱን ጨርሶ ወጥቷል። ስሙን ጻፍኩ፤ ከጎኑም «ቀብር» ብዬ ጨመርኩና ፈረምኩ።

ብሮደርሰን ከመስኮቱ ዞረ። እጁ ኪሱ ውስጥ ነው፤ የመኪናው ቁልፍ ሲንቃጨል ይሰማል።

«የት ነው የሚኖረው?» አለኝ።